ገልብጠሽ ለእናትሽ አሳዪ

የሐኪም ጽሑፍ ያልገባው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አምስት ሠራተኞች አሉ። ማዘዣው ላይ ያለው ፊደል ይሁን ዶሮ የጫረው መለየት ሲያቅታቸው አራቱም ወረቀቱን አንጠልጥለው "እስቲ ፈቺዋ ትየው" ይላሉ። እሷም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ አንዴ ታየውና መድኃኒቱን ከነመጠኑ ትናገራለች። አንድ ጊዜማ ራሱ ሐኪሙ ደውሎ፣ "ትናንት ለዚያ ሰውዬ ምን ነበር ያዘዝኩለት?" ብሎ ጠይቋታል። እንግዲህ ፊደል አልገባ ያላት የዚህች ሴት ልጅ ናት።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሰው ሁሉ ሚጣ ይላታል። ሦስተኛ ክፍልን እየደገመች ነው። ሰነፍ ናት የሚል ሰው ካለ ፈቺዋ ፊት ባይለው ይሻለዋል። ሚጣ አንዴ የሰማችውን ታሪክ ሳምንት ቆይታ አንድ ቃል ሳታጎድል ትደግመዋለች። ያየችውን ትሥላለች፤ የጎረቤቱን መኪና ስትሥል የተሰነጠቀችውን መብራት እንኳ አትረሳም። ሰሌዳው ላይ ያለውን ገልብጪ ስትባል ግን ጉድ ይፈላል። "ፊደሎቹ ይሸሹኛል" ትላለች። ከሰሌዳው እስከ ደብተሩ ባለው መንገድ የት እንደሚወድቁ እንጃ፣ የሚደርሱት ሁለት ወይ ሦስት ናቸው፤ እነሱም ዞረው።

እናትየው ይህን ለትምህርት ቤቱ መናገር ከጀመረች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። መጀመሪያ "ትጣር" አሏት። ቀጥሎ "መነጽር ይግዙላት" አሏት፤ የዓይን ሐኪሙ ልጅቷ ከእናቷ የተሻለ እንደምታይ ተናገረ። ከዚያ "ትንሽ ቆንጠጥ ያድርጓት" ተባለ። በመጨረሻ ፈቃድ ወስዳ፣ ቀኑን ሙሉ ተሰልፋ፣ ልጅቷ በንባብ ልዩ ድጋፍ እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽ የባለሙያ ደብዳቤ አመጣች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደብዳቤውን በመስኮት ተቀብላ፣ "መልሱ በመልእክት ደብተር ይደርስዎታል" አለቻት። ደብዳቤው ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነ።

የመልእክት ደብተር የሚባለው አረንጓዴ ሽፋን ያለው ቀጭን ደብተር ነው። መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ወላጅ ደግሞ ከገጹ ግርጌ "አንብቤአለሁ" ከሚለው የታተመ ቃል ሥር ይፈርማል። ስልክ የለም፣ የቃል መልእክት የለም። እውነቱን ለመናገር ፈቺዋም ይህን ደንብ ወዳው ነበር። አምና ሚጣ "ነገ ትምህርት የለም" ብላት፣ እሷም እውነት መስሏት ቤት ብታስቀራት፣ ለካ የክፍሉ ልጆች ሲቀልዱባት ኖሯል፤ በዚያን ቀን ፈተና አመለጣት። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ አንድ ሆነ። "በአፍ የመጣ አልቀበልም! ደብተሩ ላይ ያለውን ብቻ!" ደብተሩ ላይ ያለው ታዲያ ብዙውን ጊዜ የላጲስ እድፍ ነው፤ አንዳንዴም ሥዕል። ሥዕል ባየች ቁጥር በመድኃኒት ቤቱ ቀይ ብዕር "ይህ የሥዕል ደብተር አይደለም!" ብላ ትጽፍና ፈርማ ትመልሳለች።

ረቡዕ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መድኃኒት ቤት ድረስ አመጣላት። ሦስት መስመር ነው። ወላጅ ለንባብ ድጋፍ ኮሚቴው ስብሰባ አራት ጊዜ ተጠርተው ስላልቀረቡ፣ ነገ በሚደረገው የመጨረሻ ስብሰባ የተማሪዋ ስም ከድጋፍ ክፍሉ ዝርዝር ይሰረዛል። ዘንድሮም ካላለፈች ከትምህርት ቤቱ ትሰናበታለች።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደሟ ፈላ። ለገንዘብ ተቀባይዋ "መጣሁ" አለችና ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች።

በሩ ላይ ሽማግሌው ዘበኛ እጃቸውን ዘረጉ። "ጥሪ አለሽ ልጄ?"

"ደብዳቤ አለኝ።"

"ደብዳቤ ሌላ፣ ጥሪ ሌላ። ወላጅ የሚገባው በደብተር ሲጠራ ነው።"

"አባባ፣ ተጠርታ አልመጣችም ብለው እኮ ነው የጻፉብኝ!"

ዘበኛው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አዩት። "አልመጣችም የሚል ወረቀት ይዘሽ መጣሁ ብትዪ ማን ያምንሻል?"

ዘዴ መጣላት። "ለመሆኑ ያ የሳል ሽሮፕ እንዴት አደረገዎት?"

"ኧረ ነቅሎ ነው የጣለልኝ! አንቺ ነሽ እንዴ? በጋዋኑ እኮ አላወቅሁሽም" አሉና ፈቀቅ አሉላት። በጋዋን ካልሆነ በምን አይተዋት እንደሚያውቁ እሳቸው ይወቁ።

እስከ ዛሬ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት አልፋ አታውቅም። የምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ በኮሪደሩ ጫፍ ነው። በሩ መያዣ የለውም፤ በቀዳዳው በኩል ቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተንጠልጥሏል። ሽቦውን ጎተተችው፤ አልከፈት አለ። ጣቷ እስኪሰነብር ሽቅብ ስትጎትተው በሩ ተንገጫግጮ ተከፈተ።

ምክትሉ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ ትሕትናው ነው ደግሞ የሚያበግነው። ጥጉ ላይ የሚጣ የክፍል ኃላፊ፣ ወጣቷ መምህርት፣ ከደብተር ቁልል ጀርባ ተቀምጣ ታርማለች።

"ይቀመጡ" አላት።

"አልቀመጥም። መቼ ነው የጠራችሁኝ?"

ምክትሉ መዝገብ ገለጠ። "አራት ጊዜ። አራቱም ሐሙስ፣ ከእረፍት በኋላ፣ እዚሁ ቢሮ። ይኸው።"

"በምን?"

"በመልእክት ደብተር።"

"ማን ጻፈው?"

ምክትሉ ወደ መምህርቷ ዞረ። "እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ አነብላቸዋለሁም" አለች መምህርቷ። "ከዚያ ለድጋፍ ክፍል የታጩት አምስቱ ልጆች ገልብጠው ለወላጅ ያሳያሉ።"

"አምስቱ ለምንድን ነው የታጩት?"

"መጻፍና ማንበብ ስላቃታቸው ነዋ።"

መምህርቷ የተናገረችው ለራሷ የገባት ከተናገረችው በኋላ ነው። ብዕሯን አስቀመጠች።

"የሌሎቹ ወላጆችስ መጡ?" አለች ፈቺዋ።

"አንድም አልመጣ" አለ ምክትሉ በሐዘኔታ። "ምን ያድርጉ፣ የዘንድሮ ወላጅ ግድ የለውም። የድጋፍ መምህሩ ወንበር ደርድሮ ባዶ ክፍል ሲጠብቅ ሁለት ወር ሆነው።"

"ኧረ እናንተ ሰዎች!" ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። "መጻፍ ያቃታትን ልጅ፣ 'መጻፍ አቅቶኛል' ብለሽ ጻፊና ለእናትሽ አሳዪ ትሏታላችሁ? ይሄን ደብዳቤ ሥራ ቦታዬ ድረስ በሰው መላክ ከቻላችሁ፣ ጥሪውን ምን ያዘው?"

"ጥሪ በደብተር ነው፣ ውሳኔ በደብዳቤ። አሠራር ነው።"

"ስልኬ ፋይሉ ላይ የለም?"

"አለ እንጂ። እሱ ለድንገተኛ ነው፤ ልጅ ስትወድቅ፣ ስትታመም።"

"ታዲያ ወድቃለች እኮ! ሁለት ዓመት ሙሉ የምትወድቀው ምን ልትሆን ነው?"

ምክትሉ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም። "በዚያ ላይ እርስዎ መልእክቱን አንብበዋል። አራቱም ገጽ ላይ ፈርመዋል፤ መምህርቷ ፊርማዎን እያየች ነው እዚህ የመዘገበችው።"

"እኔ? በጭራሽ!"

"ልጅቷ ከነደብተሯ ትጠራ።"

መምህርቷ ወጥታ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ሽቦው ሽቅብ ሳብ ተደረገና በሩ ባንድ ጊዜ ተከፈተ፤ ሚጣ ብልሃቱን ታውቀዋለች። እናቷን በጋዋን ስታይ ክው አለች። አረንጓዴውን ደብተር ከጀርባዋ ደበቀች።

"ነይ እናቴ፣ ማንም አይቆጣሽም" አለቻት ፈቺዋ፤ ድምፅዋ ግን ገና ከቁጣው አልወጣም ነበር።

ምክትሉ ደብተሩን ተቀብሎ አራቱን ገጽ በየተራ አሳያት። "ፊርማው የእርስዎ አይደለም?"

"የኔ ነው። ግን ምን ተጽፎበት ነው የም—"

ገጹ አናት ላይ ሁለት የዞሩ ፊደሎች አሉ፣ ተሰርዘዋል። ከሥራቸው ኳስ ተሥሏል። ከኳሱ ቀጥሎ ደወል። ከደወሉ ቀጥሎ መያዣ የሌለው በር፤ በቀዳዳው ቀይ ሽቦ ተንጠልጥሏል። በሩ አጠገብ ጋዋን የለበሰች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ያደረገች ሴት ቆማለች። ግርጌው ላይ በቀይ ብዕር፣ በራሷ እጅ፣ "ይህ የሥዕል ደብተር አይደለም!" ይላል። ፊርማዋም "አንብቤአለሁ" ከሚለው ሥር ተጋድሟል። የሰነበረ ጣቷን አየችው። ሌሎቹን ሦስት ገጾች ገለጠች፤ ያው ኳስ፣ ያው ደወል፣ ያው በር።

"ሚጣዬ፣ ይሄ ኳስ ምንድን ነው?"

"ሐሙስ ነዋ። ኳስ የምንጫወተው ሐሙስ ነው።"

"ደወሉስ?"

"እረፍት ሲያልቅ የሚደወለው። ይሄ የሳቸው በር ነው። ይቺ ደግሞ አንቺ ነሽ።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"ልነግርሽ ስል በአፍ የመጣ አልቀበልም አልሽኝ" አለች ሚጣ አንገቷን ደፍታ። "መጻፍ ደግሞ እምቢ አለኝ።"

ፈቺዋ አፈረች። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም። የስንቱን ሐኪም ጭረት ስትፈታ ኖራ፣ የገዛ ልጇ አራት ጊዜ አጥርታ የነገረቻትን በቀይ ብዕር ነቅፋ መለሰችላት። ይዛ የመጣችው ቁጣ አልጠፋም፤ ግማሹን ግን ለራሷ ማስቀረት ግድ ሆነባት። ልጇን ወደ ራሷ ሳበቻትና አናቷን ሳመቻት።

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ለነገው ስብሰባ ለአምስቱም ወላጆች አዲስ ጥሪ በደብተር እናስተላልፋለን።"

ሰውየው እየቀለደ አልነበረም።

የተነሣችው መምህርቷ ናት። የቀሩትን አራት ልጆች ፋይል ከመደርደሪያው አወጣች፤ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ ምክትሉ።

"ልደውልላቸው።"

"አሠራሩ እኮ—"

"አሠራሩን ነገ ኮሚቴው ፊት እንነጋገርበታለን" አለችና ወጣች። ከኮሪደሩ "ሄሎ፣ ከትምህርት ቤት ነው፤ አይደንግጡ፣ ደኅና ነው" ስትል ተሰማች።

ፈቺዋ አሁን ነው ወንበር ስባ የተቀመጠችው። "ነገ ከመጣሁስ?"

"ከመጡማ የሚሰረዝበት ምክንያት የለም" አለ ምክትሉ፤ መዝገቡን ገልብጦ አየና ሌላ ምክንያት ሲያጣ ዘጋው። "ቦታው የእሷ ነው። ሐሙስ፣ ከእረፍት በኋላ፣ እዚሁ።"

"ሰማሽ ሚጣ? በይ ያሉትን ጻፊልኝ።"

ሚጣ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። "በኔ አጻጻፍ?"

"በአንቺ አጻጻፍ።"

ልጅቷ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደፍታ ሣለች። ኳስ። ደወል። በር ከነሽቦው። ጋዋን የለበሰችው ሴትዮ በዚህኛው ገጽ ቆማ አይደለም፤ ወንበር ተሰጥቷታል። አጠገቧም ትንሽ ወንበር ላይ ልጅ ተቀምጣለች። ሲያልቅ ደብተሩን ወደ እናቷ ገፋ አደረገችው።

ፈቺዋ እጇን ጋዋን ኪሷ ከተተችና ቀዩን ብዕር አወጣች። ሚጣ ደብተሩን በቀስታ መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው።

እናትየው ብዕሩን አየችው። ኪሷ መለሰችው። "ሰማያዊ ብዕር ያውሱኝ" አለችው ምክትሉን፤ እሱም ያለ ምንም ማመልከቻ ሰጣት።

አልፈረመችም ገና። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣ ጣቷን ከሥዕል ሥዕል እያሻገረች ጮክ ብላ አነበበች። "ነገ ሐሙስ። የእረፍት ደወል ሲደወል። ሽቦ ያለው በር ጋ። እናትና ልጅ፣ አብረው።"

"ትክክል" አለች ሚጣ።

ከዚያ በኋላ ነው "አንብቤአለሁ" ከሚለው ሥር የፈረመችው።