ወረቀት ያለው ወርቅ

ወርቅ መሥራት ከጀመርኩ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አራቱን አዲስ አበባ፣ የቀረውን እዚሁ ናይሮቢ። በዚህ ሁሉ ዘመን ደንበኛ የሚጠይቀኝ ስንት ካራት እንደሆነና ስንት እንደምቀንስለት ብቻ ነው። ሌላ ጥያቄ ያመጣችብኝ ናፍቆት ናት።

«ጋሽ ተካልኝ፣ ይሄ ጎልድ ከየት ነው የመጣው?»

«ከነጋዴ።»

«ኖ፣ ነጋዴውስ ከየት አመጣው?»

«ከሌላ ነጋዴ።»

«እሱስ?»

እኔ ምን አውቃለሁ! ወርቅ እንደ ሰው ፓስፖርት ይዞ አይዞር።

ናፍቆት የጓደኛዬ የዕፀገነት ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ሲሆን፣ አሁን ዌስትላንድስ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ሠርጓ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኪሊማኒ ወደሚገኘው ሱቄ መጥታ የቀለበቷን ወርቅ ሕፃን ያልቆፈረው፣ ወንዝ በሜርኩሪ ያልተበከለበት፣ ታጣቂ ያልቀረጠው እንዲሆን አዘዘችኝ። ለዚህም ሰርተፊኬት ትፈልጋለች። ካልሆነ ያለ ቀለበት ትጋባለች።

«ስልክሽ ውስጥ ያለው ብረትስ ከየት እንደመጣ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት፣ አፏን ላስይዛት።

«አዎ። እሱም ያሳፍረኛል» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ሰው በምን ይረታል?

እናትየዋ ደግሞ በቀን አራት ጊዜ ትደውላለች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ባዶ ጣቷን ቤተ ክርስቲያን ልታስገባብኝ ነው?» ነገሩን የጀመርኩት እኔ ይመስል!

ምርር ሲለኝ ወርቅ የሚያመጣልኝን አብዱልፈታን ወረቀት ጠየቅሁት። መጀመሪያ ፖሊስ የያዘኝ መስሎት ደነገጠ። በማግስቱ ማኅተም ያረፈባቸው ሦስት ወረቀቶች ይዞ መጣ። የማዕድኑ ቦታ ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው።

«ምዜ፣ ደስ ያለህን ሙላበት» አለኝ፣ በስዋሂሊ ሽማግሌ ብሎ አክብሮኝ።

ጮኼ አባረርኩት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ከመጮኼ በፊት ብዕር አንስቼ ነበር።

ሐሙስ ዕለት እናትና ልጅ እየሳቁ መጡ። ናፍቆት መላ አግኝታለች፤ የእናቷ አምባር ቀልጦ ቀለበት ይሆናል። «ሪሳይክል እኮ ነው ጋሽ ተካልኝ! አዲስ ጉድጓድ የለም፣ የሚጎዳ ሰው የለም። ሳሳ፣ አሁን ከዚህ የበለጠ ክሊን ጎልድ ከየት ይመጣል?»

ዕፀገነት አምባሩን ከእጇ ያወጣችው በሳሙና ነው። «ነፍሱን ይማረውና አባቷ በኃይሉ ናፍቆትን የወለድኩ ጊዜ ያሠራልኝ» አለችና ሚዛኑ ላይ አኖረችው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ማለት ይሄ ነው።»

እሳቱን ለኮስኩ። አምባሩን ብቻ ማቅለጥ፣ ቀለበት ማውጣት፣ ተመርቆ መሸኘት ነበር የቀረኝ። ሳምንት ሙሉ የለመንኩት ዕረፍት ይኸው መጣ።

አምባሩን ግን ከሚዛኑ አላነሣሁም። ያንን አምባር የሠራሁት እኔ ነኝ።

ያኔ ለናይሮቢ አዲስ ነበርኩ፤ የሱቅ ኪራይ እንኳ በግድ ነበር የምከፍለው። ጦርነት ካለበት አገር የመጣ አንድ ሰው ወርቅ ከገበያው በሲሶ አርክሶ አቀረበልኝ። ለምን እንደረከሰ ጠየቅሁት። ሳቀና «ቆፋሪዎቹ ልጆች ናቸው፣ ደሞዝ የላቸውም። ጠባቂዎቹ ጠመንጃ አላቸው» አለኝ። ያለውን ሁሉ ገዛሁት። ለበኃይሉም ቅናሽ አደረግሁለት፤ መረቀኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ናፍቆት ላይ ስነጫነጭ የከረምኩትም አለማወቄ አብሽቆኝ አልነበረም፤ አንዱን ስለማውቅ ነው።

እሳቱን አጠፋሁ።

«ጠይቃችሁኛል አይደል? እንግዲያው ስሙ!» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስናገር እንኳ እንደተቆጣሁ ነበርኩ፤ እነሱን ልቆጣ እኔን ልቆጣ ግን አላውቅም።

ናፍቆት ወደ አምባሩ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። እንግሊዝኛውም ስዋሂሊውም ጠፋባት። «ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«አልጠየቅሁም።»

«እማዬ፣ እንሂድ» አለች።

ዕፀገነት አልተነሳችም። አምባሩ የነበረበትን ነጣ ያለ ክብ በሌላኛው እጇ ሸፍና ተቀምጣለች። ጩኸቷን ስጠብቅ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ወጣ።

«ተካልኝ፣ በዚህ እጄ ስንቴ አጉርሼሃለሁ?»

ያጎረሰችኝ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ነው፤ በኃይሉ ከሞተ በኋላም።

«አንድ ቀን ብጠይቅህ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ታምነኛለች፤ ሃያ ሰባት ዓመት ያመነችኝ ሴት ናት።

«አልነግርሽም ነበር» አልኳት።

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተነሣች። አምባሩን እዚያው ሚዛኑ ላይ ጥለውልኝ ሄዱ።