አማት ስትቀላ

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «ቀደዳ ነው» ይለኛል። ቀደዳ ከሆነ ምላሴ ይታሰር። ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው እውነት ነው።

ልብስ ሰፊዋ መኪና እየነዳች ረጅሙን ዳገት አጋምሳ ሳለ ነው ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ መብራት የበራችው። ውሃ ላይ የቆመ ቴርሞሜትር የምትመስል፣ ከጥፍር የማትበልጥ ሥዕል ናት። ከኋላ ወንበር ባሏ ደረቱን በሁለት እጁ ጨምቆ ተጋድሟል። ከጠዋት ጀምሮ «ጨጓራዬ ነው» ሲል ቆይቶ፣ ከንፈሩ አመድ ሲመስል ነበር ደግፋ መኪና ውስጥ ያስገባችው። ስልኳን እንኳ ስፌት መኪናው ላይ ረስታ፣ ስትሰፋው የነበረውን የሰው ኮት በክንዷ እንዳንጠለጠለች ነው የወጣችው። ሆስፒታሉ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ነጭ ግንቡ ከዚህ ይታያል።

ባልየው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መንዳት ሲያስተምራት የዳሽቦርዱን መብራቶች በወግ ስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ ሁሉንም በዘመድ ሰየማቸው። ቢጫዋ የሞተር መብራት አክስቱ ናት፦ ዓመቱን ሙሉ ታማርራለች፣ ግን ጋራዥ ድረስ ታደርስሃለች። የባትሪው አጎቱ ነው፤ እሱ ካኮረፈ ጠዋት ከቤት የሚወጣ የለም። ቀይዋ የሙቀት መብራት ደግሞ አማቱ ናት።

«እናቴ ደግሞ ምን አደረገችህ?» ብላ ያን ዕለት ተቆጥታ ነበር።

«ምንም። ግን እሷ ስትቀላ ፊቷ ቆሞ የሚከራከር ጅል ነው። ጥግ ያዢ፣ ሞተር አጥፊ፣ እስክትበርድ የራዲያተር ክዳኗን እንዳትነኪ። አለዚያ ፊትሽን ነው የምትገሸልጠው።»

ያኔ ሳትወድ ስቃለች። አሁን ግን ሳታይ መርፌ ቀዳዳ ክር የሚያገባው እጇ የማርሹን እጀታ ስቶ ይዳብሳል። ብትቆም፣ ከኋላዋ የሚሰማው ትንፋሽም የሚቆም መሰላት። ብትነዳ፣ ሞተሩ ይነክስና ቀጥ ይላል፤ ከነባሏ ዳገቱ ወገብ ላይ ትቀራለች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ የሚያልፍ መኪና የለም።

«አንተ! አማትህ ቀላች እኮ!»

እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ጉልበቱን ነቀነቀችው።

«ትሰማኛለህ?»

«ቁሚ» አላት። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«አንተስ?»

«እኔማ... ገና ቀይ አልበራሁም።»

ጥግ ያዘች። ሞተሩን አጠፋች። ያን ጊዜ የመጣው ጸጥታ አያድርስ ነው። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎቱ ያፏጫል፣ ከኋላ ወንበር ትንፋሹ ያፏጫል፤ የቱ የማን እንደሆነ ጠፋት። ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ክዳኑ ሄደ፤ ሙቀቱ መዳፏን ሲልሳት እንደ ተነከሰች መለሰችው። ነጩን ግንብ አየችው። ሮጣ ብትሄድስ? ብቻውን ጥላው? ለክዳኑ፣ ለእናቷም፣ ለእግዜሩም በአንድ አፍ «ኧረ በሞቴ፣ ቶሎ ብረጂ» ስትል ራሷን ሰማች።

ፉጨቱ ቀስ እያለ አባራ፤ የሞተሩ ማለቴ ነው። ሌላውን ቆማ ለማዳመጥ ድፍረት አጣች። በክንዷ ይዛው የወጣችውን የሰው ኮት አጥፋ ክዳኑ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፊቷን አዙራ፣ በስሱ አላላችው። አንዴ ተፋ፤ ከዚያ ዝም አለ። ለባሏ የያዘችውን የመጠጥ ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ራዲያተሩ ውስጥ አንቆረቆረችው።

ስታስነሳ ሌላም ትምህርቱ ትዝ አላት፦ «ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈቺው። የአማትሽን ንዴት ወደ ውስጥ አስገቢው፣ እናንተ ላቡ፣ እሷ ትረፍ።» አማትሽ ማለቱን ያኔም «እናትሽ በል» ብላ አርማው ነበር። በዚያ ሐሩር ትኩስ አየር ፊቷ ላይ እየተነፈሰ፣ ላብና እንባዋ እየተቀላቀለ፣ በዝግታ ወጣች። የኋላ ማሳያ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረችው። ሰሌዳው ላይ አክስት ብቻ እንደ ልማዷ ታማርራለች። ግንቡ ቀረበ። በሩ ቀረበ።

«አማቴ... ተኛች?» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ።

እንግዲህ ምላሴ ታስሮ እንዳይቀር ልናገር። ሁሉም እውነት ነው፤ ያችን የመጨረሻዋን ድምፅ ግን የጨመርኳት እኔ ነኝ። የሆስፒታሉ ዘበኛ ሮጦ የኋላውን በር ሲከፍት፣ እሷ ገና መሪውን እንደ ጨበጠች፣ ዞራ ሳታይ፣ ዘበኛው ምን እንደሚል ትጠብቅ ነበር።