ልኩ የነበረው ሱሪ

ፊልም ሠሪዎቹ ቤታችን የመጡ ቀን ሽልማት እንደሚቀበል ሰው ለብሼ ጠበቅኋቸው። ዳይሬክተሯ የፈለገችው ባሌን ነው እንጂ እኔን አይደለም። ባሌ በወጣትነቱ ቤታቸው ለሚፈርስባቸው ሰዎች የሚጮኽ ቡድን ውስጥ ነበር። በሰልፍ ጀመሩ፤ ወደ ድንጋይ ዞሩ፤ መጨረሻ ላይ አፍራሾቹን የሚልከውን ቢሮ አቃጠሉ። ጓሮ ክፍል ተኝቶ የነበረው ዘበኛ አልወጣም። ባሌ «ያን ቀን አልነበርኩም» ብሎኛል። የት ነበርክ ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

እውነቱን ልናገርና የለበስኩት ለንቢቱ ነው። ንቢቱ ይሏታል ጓደኞቿ። እሳቱን የለኮሰችው እሷ ናት፤ የማንንም ስም ሳትተነፍስ ዕድሜዋን እስር ቤት ጨርሳ ወጣች። ዳይሬክተሯ ቀደም ብላ ባመጣችው ፎቶ ላይ ስድስት ሆነው ቆመዋል፤ የንቢቱ እጅ ባሌ ትከሻ ላይ ነው። ትከሻው ላይ! ባሌ ፎቶውን አየት አድርጎ መለሰው፤ ልቡ እሷ ጋ እንዳለ እንዳልጠረጥር አውቆ ነው።

ንቢቱም ለፊልሙ ቃሏን ሰጥታለች፤ ሲያልቅም ታየዋለች። ስለዚህ ዳይሬክተሯን ገና በር ላይ ይዤ የኔን ታሪክ አጫወትኳት። ቤታችን የገባ ሰው ይህን ሳይሰማ አይወጣም። አንድ ጎረምሳ ልብስ ስፌት ቤቴ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። «ነገ ና» ስለው «እጠብቃለሁ» ብሎ ጀምበር እስክትጠልቅ በርጩማዬ ላይ ተጎለተ። ሱሪው ደግሞ ልኩ ነበር! ፈትቼ እዚያው ልኩ ላይ መልሼ ሰፋሁለት። ባሌን ያገኘሁት እንዲህ ነው።

«ይህቺን ፊልሙ ውስጥ አስገቢልኝ» አልኳት። ንቢቱ ትስማና ትረር ብዬ ነው።

ከዚያ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ባሌ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ከኔ ጋር ሲሆን ቃል ከአፉ በፒንሳ ተጎትቶ ነው የሚወጣው። ካሜራ ፊት ግን ምላሱ ተፈታ። በመጨረሻ ዳይሬክተሯ ወረቀቷን አስቀመጠች።

«ንቢቱ አንድ ነገር እንድጠይቅዎ አደራ ብላኛለች። ‹ያን ቀን ቢሮው ጓሮ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቶ ሊነግረን የነበረበት እሱ ነው፤ ለምን ቀረ?› ብላለች።»

ጆሮዬ ቆመ። የሆዱን አሁን ያወጣዋል አልኩ።

«ልብስ ሰፊ ቤት ነበርኩ» አላት። «ሱሪ ላሳጥር። ሱሪው ረዝሞ አይደለም፤ ልጅቷ ደስ ብላኝ ነው። ትንሽ ልቆይ፣ ትንሽ ልቆይ ስል መሸ። ጭሱን ያየሁት ከታክሲ ስወርድ ነው። ይቅርታ በይልኝ።»

ዳይሬክተሯ ወደኔ ዞረች። «እትዬ፣ ቅድም የነገሩኝ ቀን ነው እንዴ? በሉ እርስዎም ይንገሩን!» አለችና ማይኩን ልብሴ ላይ ሰካችብኝ። ድምፅ ቀጂው ግን እጁን አነሳ።

«አንዴ ማንም እንዳይናገር፤ የቤቱን ዝምታ ልቅዳ።»

ለካ ዝም ያለ ቤትም የራሱ ድምፅ አለው፤ በኋላ ፊልሙን ሲቀጣጥሉ ይፈልጉታል። ሁላችንም ዝም አልን። ሰው ሞቷል፤ አንዲት ሴት ወጣትነቷ እስር ቤት አልቋል፤ ማሰብ የነበረብኝ ያንን ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ግን እሷ መጠየቋና እሱ መመለሱ ነው። አፌን ሞልቼ የማወራው ቀን ለካ የእሷም ነበር። ያቺ አንዲት ቀን እንኳ ለብቻዬ አልነበረችም። ባሌ መሬት መሬቱን ያያል።

«ጨርሻለሁ፤ አሁን መናገር ይችላሉ» አለኝ ድምፅ ቀጂው።

ካሜራውን ትቼ ወደ ባሌ ዞርኩ።

«ለሷ ከመንገርህ በፊት ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ጉልበቱን አሻሸ።

«ያን ታሪክ ስታወሪ ደስ ይልሽ ነበራ» አለኝ።