አማርኛ የማታነብ ማጫወቻ

ልጄ ኢያቄም በጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። የመኪናው ቴፕ ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ በሚሞሪ ካርድ የምትሠራ ትንሽ ማጫወቻ ከመሪው አጠገብ አንጠልጥሏል። እሷ ካልዘፈነችለት አፋር በረሃ ላይ ዓይኑ ይከደናል። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፣ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ባለፈው ጉዞው አሥራ አራት ዘፈን አስጭኜ ሰጠሁት። ከአዋሽ ደወለ።

«እማ፣ ባዶ ሚሞሪ ነው እኮ የሰጠሽኝ!»

«ኧረ አሥራ አራት ዘፈን አለበት።»

«አንዱም አይጫወትም። በቃ፣ ስመለስ።»

ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ስምንት ቀን ሙሉ መኪናውን በሐሳቤ ስገለብጥ ከረምኩ።

በመጨረሻ በሰላም ገባ። በላ፣ ተኛ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ የሚወጣ ነበር። ሚሞሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ካልሆነ ይቅር» አለኝ። እንዴት ይቀራል? ጠዋት ከላንቻ ተነስቼ ኦሎምፒያ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በእግሬ ካዛንቺስ፣ ዘፈኖቹን የጫነልኝ ሸምሰዲን ሱቅ ሄድኩ።

ሸምሰዲን ሚሞሪውን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካ። አንዱን ሲነካው ዘፈነ። ሌላውንም ነካ፣ እሱም ዘፈነ።

«ማዘር፣ ዘፈኖቹ ምንም አልሆኑም።» ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፤ ከዚያ ፈገግ አለ። «ቆይ፣ "ኢያቄም ውሃ ጠጣ" የማን ዘፈን ነው? አዲስ የወጣ ነው?»

ከኋላዬ ወረፋ የያዘች ልጅ ሳቀች። ፊቴ ጋለ።

«የዘፈኑን ስም አጥፍቼ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ነገርኩት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት እየገባሁ ፊደል እማራለሁ። ኢያቄም አያውቅም። በስልክ ምክር ስጀምር «እሺ እማ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ያቋርጠኛል። ማጫወቻዋ ስትዘፍን ግን የዘፈኑ ስም በትንሿ ስክሪኗ ላይ ያልፋል፤ አይቻለሁ። ሚሞሪውን ስልኬ ውስጥ ከትቼ፣ ሦስት ቀን ፈጅቼ፣ በየዘፈኑ ስም ቦታ የምለውን ጻፍኩ። ይህን ማቋረጥ አይችልም ብዬ።

«እየነዳ እንዲያነብ?» አለ ሸምሰዲን።

ይህን አላሰብኩም ነበር። «ቆሞ ነው የሚያነበው» አልኩ።

«ማዘር፣ ችግሩ ይኸው ነው። እነዚህ ርካሽ ማጫወቻዎች አማርኛ አያነቡም። የአማርኛ ፊደል ካዩ ይዘሉታል። ስሙ በቁጥር ወይ በእንግሊዝኛ መሆን አለበት።»

«እኔ በሃምሳ አራት ዓመቴ የተማርኩትን እሷ አልተማረችም?»

«አልተማረችም። ቁጥር ላድርገው?»

«ቁጥር ሲሆን የእኔ ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

ልጄ ነቅቶ ይንዳ። ሌላ ምን እላለሁ? ግን ከማጥፋቱ በፊት አንድ በአንድ እንዲያነብልኝ ለመንኩት። የጻፍኩትን ሰው ሲያነበው ሰምቼ አላውቅም፤ አስተማሪዋም ከሰሌዳ ነው የምታስነብበን።

«"ሲደክምህ ዳር ይዘህ ቁም።" ይጥፋ?»

«ይጥፋ።»

«"ቁልቁለቱ ላይ አትቸኩል።"»

«ይጥፋ።»

«"ስትደስ ደውል።" ይሄ ምንድን ነው?»

«ስትደርስ ነው። ር ረስቼ ነው።»

«ገብቶኛል፣ ማዘር።» አሁን አይስቅም። ልጅቷም ጠጋ ብላ ትሰማ ነበር። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«"ይህን የጻፈችው እናትህ ናት።"»

ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዝኩት።

«እሱስ እንዳለ ይቆይ» አልኩ።

«አይጫወትም እኮ።»

«አሥራ ሦስቱ ይበቁታል።»

ቤት ስደርስ ኢያቄም ጫማውን እያሰረ ነበር። ሚሞሪውን ማጫወቻዋ ውስጥ ከተተው፤ ዘፈነች። «አንቺ እኮ ጀግና ነሽ!» ብሎ ግንባሬን ሳመኝና ወጣ። የበላበትን ሳህን አጠብኩ። ደብተሬን አውጥቼ ር ር ር እያልኩ አንድ ገጽ ሞላሁ።

በማግስቱ ከሚሌ ደወለ።

«እማ፣ አሪፍ ነው! አንዴም አላንቀላፋሁም። ግን አሥራ አራት ብላ ትቆጥርና አሥራ ሦስት ብቻ ነው የምትዘፍነው። አንዱ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ስመጣ አጠፋዋለሁ።»

«አታጥፋው።»

«ለምን?»

ከኋላው የመኪና ጡሩንባ ጮኸ። «ኢያቄም፣ እሱ ላይ ያለው...» ብዬ ጀመርኩ።

«እሺ እማ፣ መንገድ ላይ ነኝ፤ አላጠፋውም» አለና ዘጋው።