ኢስሀቅ የቋጠረው

ከቡታጅራ ወደ አታት ሆስፒታል ስንሄድ ዳገቱ ላይ ቀዩ መብራት በራ። የድብልቁ ታንክ ባዶ ነው ማለት ነው።

መብራቱን የገጠመው ባለቤቴ ኢስሀቅ ነው፤ መካኒክ ነበር። ለሞተሩ አየር የሚያምቀውን ተርቦቻርጀር ከልኩ በላይ ስላጎለበተው፣ ሞተሩ ዳገት ላይ እንዳይግል ውሃና ሜታኖል የሚረጭ ፓምፕ ጨመረለት። ኬሚስትሪ ስለማስተምር ድብልቁን የምመጥንለት እኔ ነበርኩ። እሱ ካረፈ ወዲህ ታንኩን የሞላው የለም።

የሚነዳው ዑመይር ነው፣ የኢስሀቅ እህት የሩፋይዳ ባል። እሷ ከኋላ ጭኔን ተንተርሳ ተኝታለች። የመጀመሪያ ልጇን አታት በቀዶ ጥገና ስለወለደች፣ ምጥ ሲጀምርሽ ወደዚሁ ነይ ብለዋት ነበር። ደሙ የመጣው ግን ግማሹን መንገድ ካለፍን በኋላ ነው።

ዑመይር ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ብረት በብረት እንደሚመታ አንኳኳ። እግሩን አነሳ። መኪናው አዘገመ።

«ምነው?» አለች ሩፋይዳ።

«ከረገጥኩት ፒስተኑ ይበሳል።»

«የሠርጋችንም ቀን እንደ ኤሊ ነድተህ ነው የወሰድከኝ።» ልትስቅ ስትል ትንፋሿ ተቆረጠ። ከሥሯ ያነጠፍኩት ፎጣ ርሷል።

«አቁም» አልኩት።

ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ አንድ ጄሪካን አለ። ኢስሀቅ ለመጨረሻ ጊዜ የደባለቀው ነው። እንዳያፈስ ከአሮጌ ሸሚዙ ጨርቅ ቀዶ ክዳኑን ጠምጥሞ ቋጥሮታል። መኪናውን ባጸዳሁ ቁጥር አየዋለሁ፤ ነክቼው አላውቅም።

ዑመይር ቢላ አወጣ።

«እፈታዋለሁ» አልኩት።

ቋጠሮው ደርቋል። አንዱ ጫፍ በጥፍሬ ትንሽ ላላና መልሶ ጠበቀ።

«ፈቲሀ፣ እባክሽ።»

«እየተፈታ ነው።»

አልተፈታም። እስከዚያ ስታቃስት የነበረችው ሩፋይዳ ዝም አለች።

እጄን አነሳሁ። «ቁረጠው።»

ፊቴን አዙሬ ጄሪካኑን ያዝኩለት። ታንኩ ሲሞላ መብራቱ ጠፋ። ዑመይር እስከ ታች ረገጠ፤ ፓምፑ መርጨት ጀመረ፤ ሞተሩ አላንኳኳም። የሩፋይዳን ጉንጭ መታ መታ አድርጌ ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት።

«አሁን ነው መንዳት» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

አታት ደጁ ላይ ተቀብለው አስገቧት። ከዑመይር ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ነርሷ ወጥታ እናትም ልጅም ደህና መሆናቸውን ስትነግረን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቆይቶ እጁን ኪሱ ከተተና ጨርቁን አውጥቶ ሰጠኝ።

የቆረጠው ከቋጠሮው ራቅ አድርጎ ነበር።