ግማሽ ሹሩባ

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስትደውልልኝ የአንዲት ሙሽራ ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልዬ ካስክ ሥር አስቀምጫት ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ አዳመጥኳት። «ልጅዎ ክፍል መግባት ካቆመች ሰንበትበት ብላለች፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ይፈልጉዎታል» ስትለኝ ሳቄ መጣ። የማን ልጅ? የእኔዋ? ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሟን ተኩሼ፣ ዳቦዋን አስይዤ፣ መታጠፊያው ጋ እስክትደርስ ዓይኔን ሳልነቅል የምሸኛት ልጅ? «ተሳስተሻል እህቴ» ብዬ ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ደግማ ደወለች። ድፍረቷ!

ሚጢ የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። እህቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ስትሄድ «አደራሽን፣ አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ እጇን እንዳትለቂ» ብላ ጥላብኝ ሄደች። ሚጢ ያልናት ገና ስትወለድ ነው። አሁንማ በር ላይ አንገቷን ሰበር ካላደረገች ግንባሯ ይፈነከታል፤ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። እጇ ወርቅ ነው። ሹሩባ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ አሁን ግን ትበልጠኛለች። ይህን ብትገድሉኝ ፊት ለፊቷ አልናገርም። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ከቅዳሜ በቀር ድርሽ እንዳትል ከልክያታለሁ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ጭንቅላት ላይ ቆሜ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ማታ እግሬን ብታዩት ታዝናላችሁ። ፀጉር ሠሪነት ነውር ሆኖ አይደለም። ወዳ ትግባበት፣ እሰየው። ሌላ በር ጠፍቶባት እንድትገባበት ግን አልፈልግም። እኔ እንደዚያ ነው የገባሁት።

ሙሽራዋን ለባልደረባዬ አስረክቤ፣ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ በረርኩ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ «አንድም ተማሪ ከትምህርት ገበታው አይለይም!» የሚል ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ከጽሑፉ ጎን የምክትል ርዕሰ መምህሩ ፎቶ አለ፤ ከጽሑፉ ይልቅ ፎቶው ይጎላል። ሰውየው ከፎቶውም የባሰ ያበራል። አንድ ፀጉር የለውም፣ ቅንድቡም የተረፈው በዕድል ነው።

«ይቀመጡ እናት» አለኝ። በዕድሜ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ የማያንስ ሰውዬ እናቱ አደረገኝ። ለዛሬ ይሁን ብዬ ዋጥኩት።

«ልጅቷ ጠዋት ሰልፍ ላይ ትታያለች። ከዚያ በኋላ አትታይም። ክፍል የለችም። ዘበኛው ደግሞ በበር አልወጣችም ይላል። በአጥር ትዘላለች ብለን ነው የምናስበው፣ ቁመቷም ያግዛታል።»

«እና ፈለጋችኋት?»

«ለዚህ እኮ ነው የጠራሁዎት» አለና አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «ትምህርት ቤታችን እስካሁን ያቋረጠ ተማሪ የለውም። እሷ አቋረጠች ከተባለ ስማችን ይበላሻል። ስለዚህ ተዛወረች እንላለን። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

«ወዴት ነው የተዛወረችው?»

«እሱን ክፍት እንተወዋለን።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ ልጄን የሚፈልግልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ስሮጥ መጥቼ፣ ሰውየው ለካ ለመጥፋቷ ስም እያወጣለት ነው። ተዛወረች! እንደ ዕቃ!

«ባልፈርምስ?»

«ሪፖርቱ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል እናት። ወይ ዛሬውኑ ክፍል ትግባ፣ ወይ ይፈርሙ። ዛሬም ካልገባች ስሟን ከመሰረዝ ውጪ አማራጭ የለኝም። ከተሰረዘች ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤትም አይቀበላትም። እኔ የማስበው ለእርስዎ ነው።»

የእህቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለብኝ። አደራሽን ያለችው። ምን ብዬ ነው የምነግራት? ልጅሽ ተዛውራለች፣ የት እንደሆነ ክፍት ነው ልበላት?

ይሄኔ ጸሐፊዋ ማህተሙን ይዛ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል አናቷን አየሁትና ክው አልኩ። ከግራ ጆሮ ተነስቶ ማጅራት ላይ የሚዞር ቀጭን ሹሩባ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። እንዲህ አድርጎ የሚጎነጉነው ግራኝ ነው። ከማውቃቸው ሹሩባ ሠሪዎች ውስጥ ደግሞ አንዲት ግራኝ አለች፣ እሷም የእኔን ዳቦ በልታ ነው ጠዋት የወጣችው።

«ማን ነው የሠራሽ?» አልኳት።

«ምኑን?» አለች፣ እጇ ግን ቀድሟት አናቷ ላይ ወጥቷል።

«ራስሽን ነዋ! የማንን ሊሆን ኖሯል፣ የእሳቸውን?»

ምክትሉ አናቱን ደበስ አደረገ። እኔ ምኑንም አልጠበቅኩም፣ ብድግ ብዬ ወጣሁ። የመምህራን ማረፊያው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ብቅ ብዬ ባይ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ሹሩባ፣ የባዮሎጂዋ ሹሩባ፣ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራዋ ሴትዮ ሹሩባ። ሁሉም ከግራ ተነስቶ፣ ሁሉም ጫፉ ታጥፎ! ለካ ትምህርት ቤቱ በሞላ የተጎነጎነው በእህቴ ልጅ ነው። ደሜ ፈላ። ከሽርጤ ኪስ ሚዶዬን አወጣሁ።

«ሚጢ የት እንዳለች አሁኑኑ ትነግሩኛላችሁ፣ ወይስ አንድ በአንድ እዚሁ ልፍታችሁ?»

የእንግሊዝኛዋ ቀድማ፣ «እኔ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጠርቻት አላውቅም!» አለች። «ትርፍ ክፍለ ጊዜዬ እነሱ ባዮሎጂ ሲማሩ ነው።»

«እኔስ መቼ በባዮሎጂ ጠራኋት?» አለች የባዮሎጂዋ። «በእንግሊዝኛ ነው እንጂ!»

ተያዩ። ሁለቱም በየክፍላቸው ቀሪ እያሉ ሲመዘግቧት ከርመዋል። ሁለቱም ስለዚች ጠፊ ልጅ ስብሰባ ላይ አምርረው ተናግረዋል። አይ መማር! አይ ማስተማር!

የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ ሚዶዬን አየችና ምራቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ስፖርት ዕቃ ቤት» አለች።

ከሜዳው ጀርባ ያለች ጨለምለም ያለች ክፍል ናት። የተነፈሱ ኳሶች፣ የተቀደደ መረብ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ፍራሽ። መሀል ላይ የጂምናስቲክ ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ላይ የፊዚክስ መምህርቷ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ሚጢ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ማበጠሪያ በጥርሷ ነክሳ ቆማለች። የመምህርቷ ግራ ጎን አልቋል፤ አቤት ሲያምር፣ እንዲያ ተናድጄም ሥራው ዓይኔ ገባ። ቀኝ ጎኗ ግን ተበጥሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አንቺ!» አልኩ። ማበጠሪያው ከአፏ ወደቀ።

«እህቴ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ብቻ ትጨርስልኝ» አለች መምህርቷ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«አንቺን በኋላ አገኝሻለሁ!» ብዬ ወደ ሚጢ ዞርኩ። «ምን ይከፍሉሻል?»

«ምንም። በነፃ ነው።»

«በነፃ!» ፍራሹ ላይ ልቀመጥ ምንም አልቀረኝም። «እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ እንዴት ነው የምሄደው? ትምህርቱንም ትተሽ፣ በነፃ?»

ይሄን ጊዜ ምክትሉ ወረቀቱን እንደያዘ እያለከለከ ደረሰ። ግማሽ ራሷ የቆመችውን መምህርት አየና በሩ ላይ ተገተረ። እኔ የሚጢን ክንድ ያዝኩ። «ነይ፣ ክፍል ግቢ። ዛሬ ካልገባሽ ሊሰርዙሽ ነው። ሰማሽ? አልቋል፣ ሌላም ቦታ አትማሪም።»

«ይሰርዙኝ» አለች። «አልገባም አክስቴ።»

«ለምን ሲባል?»

መሬት መሬት እያየች ነበር፤ ቀና አለች። «እዚያ ስሜ ‹አንቺ ረጅሟ፣ ወደ ኋላ› ነው። እዚህ ‹ሚጢዬ፣ የእኔ ቆንጆ፣ እጅሽ ይባረክ› እባላለሁ። ቲቸር ቦርድ ላይ አውጥተውኝ መልሱ ጠፋብኝ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። በነጋታው እዚህ ጠርተው ፀጉሬን ሥሪኝ አሉኝ። ስጨርስላቸው ‹የእኔ እመቤት› ብለው ሳሙኝ። አንቺ ብትሆኚ የቱ ጋ ትውይ ነበር?»

እኔ ለማንም መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። ደምበኞቼን ጠይቁ። ያን ጊዜ ግን የያዝኩትን ክንዷን ለቀቅኩ። ስታስቡት፣ አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ሒሳብ ብቻዋን ሠርታ መልስ ካገኘች ሞኝ ናት ማለት አይቻልም።

«እኔ ነኝ የሳቅኩት?» አለች መምህርቷ። «መቼ?»

«አያስታውሱትም» አለች ሚጢ፣ ያለ ቂም። ያለ ቂም መሆኑ ነው የባሰው።

ደወሉ ተደወለ። «የእነሱ ክፍል ፊዚክስ ነው አሁን» አለ ምክትሉ ቀስ ብሎ፣ ለማን እንደተናገረ እንጃ።

መምህርቷ ቆመች። እጇን ወደ ተበተነው ጎኗ ልካ ዳሰሰችው። ሚጢ ደነገጠች። «ኧረ ይቀመጡ ቲቸር፣ ቶሎ ልጨርስልዎት። እንዲህ ሆነው ከወጡ ይስቁብዎታል።»

«ይሳቁ» አለች መምህርቷ። ሻሼን ፈትቼ ላቀብላት እጄን ወደ ራሴ ልኬ ነበር፣ አልጠበቀችኝም። ቀሚሷን አራግፋ ወጣች።

የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! ግቢው መጀመሪያ ፀጥ አለ፣ ቀጥሎ ፈነዳ። ከፎቅ በረንዳው ላይ ተማሪው ተንጠልጥሎ ይጮሃል፣ ያፏጫል። «ቲቸር፣ መብራት ጠፍቶ ነው?» ይላል አንዱ ጋጠወጥ። እኔም ሳልወድ ሳቄ አመለጠኝ፤ ምን ላድርግ፣ ያስቃል። እሷ ግን አንገቷን ሳትሰብር ሜዳውን እያቋረጠች ነው። ሚጢ በሩ ላይ ቆማ አየቻት አየቻትና፣ «ወይኔ ሥራዬ!» ብላ ተከተለቻት። እኔ ሚጢን ተከተልኩ። ምክትሉ እኔን ተከተለ።

እኔ የክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። ሚጢ መምህርቷን እንደተከተለች ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ክፍሉ በሳቅ ይናጣል። መምህርቷ ጠመኔ አንስታ ጥያቄ ጻፈች፤ ስትጽፍ ጀርባዋን ስለሰጠቻቸው ሁለቱም ጎኗ ቁልጭ ብሎ ታያቸው፣ ሳቁ ባሰበት። ዞር አለች።

«ጨርሱ፣ እጠብቃችኋለሁ» አለች። ጠበቀች። ሲበርድ፣ «እዚህ መቆም እንዴት እንደሆነ ረስቼው ነበር» አለች። «ሚጢ እዚህ ቆማ ስትቸገር አብሬያችሁ ስቄያለሁ። ነውር ነው የሠራሁት። ይቅርታ ሚጢ።» ጠመኔውን ወደ ኋላ ዘረጋችላት። «ትሞክሪዋለሽ?»

ምን ያደርጋል፣ በልቤ እልል አልኩ። አበቃ፣ ልጄ ተመለሰች አልኩ። ሚጢ ተነሳች፣ ወደ ቦርዱ ወጣች፣ በግራ እጇ ጠመኔውን ይዛ መጻፍ ጀመረች። እኔ ፊዚክስ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ግን የመምህርቷን ፊት አይቼ ስህተት እንደሆነ ገባኝ። ተማሪዎቹም ገባቸው። ከመሀል አንዱ ኪኪኪ አለ፣ ሌላው ተከተለ። ይቅርታ ተጠየቀ ብሎ ጥያቄው አይቀል! ሚጢ የጻፈችውን አየች። ቀጥላ ወደ በሩ ዞረች፣ ወደ እኔ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ሚዶ መዝዤ ትምህርት ቤቱን ያተራመስኩት እኔ፣ አደራ በላ አልባልም ብዬ የመጣሁት እኔ፣ ይቅርባት አልኩ። እንዲህ ከምትሆን ይቅርባት! ፀጉር ቤት አለኝ፣ ወንበር አለኝ፣ እቤቷ ገብታ በእጇ እንደ ንግሥት ትኑር። ምክትሉ ይህን እንዴት እንዳሸተተው አላውቅም፣ እስክሪብቶውን ከነወረቀቱ ከጎኔ አቀረበልኝ። ተቀበልኩት። «ነይ ልጄ፣ ውጪ፣ እንሂድ» ልላት አፌን ከፈትኩ።

ሚጢ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ወደ ቦርዱ ተመልሳ በዚያው እጅጌ የጻፈችውን አጠፋችው፤ ዩኒፎርሟ ነጭ በነጭ ሆነ። «ቲቸር፣ ከየት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለች። መምህርቷ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

እስክሪብቶውን ለሰውየው መለስኩለትና አፌን ዘጋሁ።