የአብዱሰመድ ሞተር

ሳብሪያ አባቷ አብዱሰመድ ከሞጣ ብቸና ጨርቅ ሲያመላልሱባት የኖሩትን ሞተር ሳይክል እሳቸው ካረፉ በኋላም ለመሸጥ አልጨከነችም። ዘንድሮ ግቢዋ ውስጥ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተሯን ፈታትታ አጠበች፤ በውስጡ ያረጁትን የጎማ ማሸጊያዎች በአዲስ ቀይራ መልሳ ገጠመችው። ቤንዚኑን ስትከፍተው ግን በማፍሰሻው ቱቦ ይንዠቀዠቅ ጀመር። ሦስት ጊዜ ፈታ ገጠመችው፤ ለውጥ የለም።

ቢቸግራት ብቸና ላሉት ለጋሽ ስጦታው ደወለች። የአባቷ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ በዚያች ሞተር ከኋላ ተፈናጠው ያልሄዱበት አገር የለም።

«ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ላይ የምትንሳፈፈዋን የናስ ዕቃ አውጪና ጆሮሽ ሥር ነቅነቅ አድርጊያት» አሏት።

አውጥታ ነቀነቀቻት። ከውስጧ ቤንዚን ሲንቦጫቦጭ ተሰማት።

«ተበስታለች ማለት ነው። ቤንዚን ስለጠጣች ትሰምጣለች፤ መግቢያውን አትዘጋውም። እኛንም አንድ ክረምት አምበር ከተማ ላይ እንዲህ አድርጋናለች። ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪያት፤ ቀዳዳው አረፋ ሲያወጣ ታዪዋለሽ።»

እንዳሏት አደረገች። ቤንዚኑን በቀዳዳው አሟጥጣ አወጣችና ስትደርቅላት በካውያ እርሳስ አቅልጣ ደፈነችው። ገጥማ ቤንዚኑን ስትከፍት ጠብ የሚል ጠፋ፤ በሁለተኛው ርግጫ ሞተሯ ተነሳች።

ሳብሪያ ስልኩን ወደ ሞተሯ አስጠጋች። «ጋሼ፣ ይሰማዎታል?»



«ይሰማኛል። አብዱ ሲመጣ ገና ከዳገቱ ሥር በዚህ ድምፅ ነበር የምለየው። እስቲ ትንሽ አታጥፊያት፣ ልጄ።»

አላጠፋቻትም። ስልኩን እንደያዘች ኮርቻው ላይ ተቀመጠች፤ ሁለቱም የሞተሯን ድምፅ አዳመጡ።